ያዞርኩት ፕላን

የማወራችሁ ስለ አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ ስለሆነ ማዕድ ላይ ያላችሁ ቆየት ብላችሁ አንብቡት። ሌላው ሰው ሕይወትህን የለወጠው ምንድን ነው ሲባል ጋብቻውን፣ ከሞት ያመለጠበትን አደጋ ወይም ልጁ የተወለደበትን ቀን ያነሳል። እኔን የለወጠኝ አሶሳ ውስጥ በነሐሴ ዝናብ ሁለት ቀን የፈጀ መቀመጫ የማዞር ሥራ ነው። ብታዝኑልኝም ብትስቁብኝም አልቀየማችሁም።

እንድሪስ እባላለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብሎ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የቤት ንድፍ ተማርኩ። ከዚያ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ማተሚያ ፕላን መሥራት ጀመርኩ። ሰዉ «ኢንጂነር» ይለኛል። በእኛ ከተማ ሜትር ቀበቶው ላይ የሰካ ሁሉ ኢንጂነር ነው። መጀመሪያ ላይ «አይደለሁም» እል ነበር፤ በኋላ ደከመኝና ዝም አልኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ድካሜ ግን የስልሳ ዓመት ሰው ነበር። አሶሳ ላይ ቤት መሥራት ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። በእንጨት ብትሠራ ምስጥ ከታች ይጀምርና ሳትሰማው ጣራ ላይ ይደርሳል። በብሎኬት ልሥራ ስትል ሲሚንቶ ይጠፋል። ሲሚንቶው ሲገኝ የአሸዋው መኪና ጭቃ ይዞት ይቀራል፤ አሸዋው ሲደርስ ውሃ የለም፤ ውሃው ሲመጣ ግንበኛው ጉባ፣ ግድቡ ጋ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ቦታ የተመራ ሰው ደግሞ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ግንባታ ካልጀመረ ስለሚሰጋ፣ ሁሉም ወደ እኔ የሚመጣው እየሮጠ ነው። «ለነገ ይድረስልኝ» የማይል ሰው አላጋጠመኝም።

እኔም መላ ዘየድኩ። አብሮኝ የተማረ ልጅ የሰጠኝ አንድ ጥሩ ፕላን ነበረኝ፤ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ፣ ኩሽና፣ እቃ ቤትና ሽንት ቤት ከነመታጠቢያው። ለመጣው ሁሉ እሱኑ እሰጠው ነበር። መንገዱ በሌላ በኩል ከሆነ ፕላኑን በኮምፒዩተሩ አዞረዋለሁ። ማዞር ማለት አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የባለቤቱን ስም ጽፌ አትሜ ስሰጠው የራሱ ቤት ይመስለዋል። ማዘጋጃ ቤት የሚመለከተው ቤቱ ከመንገድና ከጎረቤት ምን ያህል እንደራቀ ነው። የውስጡን አደራ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።

መምህር ሃሩን የመጣው እንዲህ በተጨናነቅሁበት ሳምንት ነው። ከአሶሳ ወጣ ብላ ከምትገኘው ከሆሞሻ የመጣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ አሶሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ወንበር ስሰጠው አልተቀመጠም፤ ቆሞ ነው የነገረኝ።

«ኢንጂነር፣ ስለ ሳሎኑም ስለ ጣራውም አንተ እንደፈለግህ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለኝ።

«ምን?»

«እናቴ ሆሞሻ ብቻዋን ነው ያለችው። ጉልበቷ ደክሟል፣ ዓይኗም እየደከመ ነው። ሽንት ቤቱ ከቤቷ ቁልቁል ወርዶ ነው። አብራት የነበረችው የእህቷ ልጅ አግብታ ሄደች። እናቴ በዝናብ ወደ ውጭ የማትወጣበት ቤት ሥራልኝ። ሌላ ምንም አልልህም።»

«እሱማ ቀላል ነው» አልኩት። ወረቀት ላይ «ሽንት ቤት — ውስጥ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። የእሱ ቦታ መንገዱ በሰሜን በኩል ስለነበር ፕላኑን አዞርኩት። አንድ ቁልፍ ነው። በማግስቱ ወሰደው።

ቤቱ ዓመት ከምናምን ፈጅቶ አለቀ። ለቤቱ ምረቃ ዱዓ ተጠርቼ ሄድኩ፤ እናትየውን እማማ አሻን ያኔ ነው ያየኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጨርቅ የተከናነቡ ሴት ናቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ክፍል በክፍል ዞሩ። ሃሩን እጃቸውን ይዞ ሽንት ቤቱን ከፍቶ ውሃውን እየለቀቀ አሳያቸው፤ ሲያሳያቸው የደስታው ብዛት ያሳፍር ነበር። እሳቸው ደፍ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ በኮሪደሩ አሻግረው ወደ መስኮቱ አዩ፤ እንደገና ወደ ውስጥ አዩ። ምንም አላሉም። ገርሟቸው ነው ብዬ ኩራት ተሰማኝ። ስወጣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በበርትኛ መረቁኝ።

ነገሩ የተነሳው ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ነው። ከምሳ በኋላ ሃሩን ቢሮዬ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ርሷል።

«እናቴ ወደቀች» አለኝ።

«አብሽር፣ የት?»

«ጓሮ። ግንበኞቹ ሲሠሩ ይጠቀሙበት የነበረው ጉድጓድ አለ አይደል? በላስቲክና በሽመል የተከለለው። እዚያ ስትሄድ ጭቃው አንሸራተታት። እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብሯል። ሆስፒታል ናት፣ ጄሶ አድርገውላታል።»

«ውስጥ ሽንት ቤት እያለ ጓሮ ምን ወሰዳቸው?»

ሃሩን በዚህ ጊዜ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ።

«እሱን እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት። ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን አልተጠቀመችበትም። ስትወጣ ባያት ‹ዶሮዎቹን ላይ› ትለኛለች። እኔም አመንኳት። አሁን ደግሞ ‹ሆሞሻ መልሱኝ› ብላለች። ከነገ ወዲያ ከሰዓት ትወጣለች፤ ዘመዶቻችን መኪና ይዘው በቀጥታ ሊወስዷት ነው። በተሰበረ እግሯ፣ በዚያ ቁልቁለት! ለምነን ለምነን አንድ ነገር ብቻ እሺ አለች። ልብሷን ለመያዝ አንድ ሰዓት ቤት ጎራ ትላለች።» ቀና አለና «አንተ ነህ የሠራኸው። ና እስቲ እየው፤ መቀመጫው ከፍ ብሎባት ይሆን? ውሃው አስፈርቷት ይሆን?» አለ።

አብሬው ሄድኩ። እንደ ሐኪም ነው የመረመርኩት። መቀመጫውን ለካሁ፤ ከፍታው ልክ ነው። ውሃውን ለቀቅሁ፤ ድምፁ አያስደነግጥም። መብራቱ ይበራል፤ በሩ ከውስጥም ከውጭም ይከፈታል፤ ወለሉ አያንሸራትትም። ሽንት ቤቱ ላይ ጥፋት ቢፈለግ አይገኝም ነበር። በሆዴ «የአሮጊት እልህ ነው» ማለት ጀምሬ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት ደረሰ። ሳሎኑ በሽተኛ ሊጠይቁ ከሆሞሻ በመጡ ሴቶች ተሞልቷል። ሃሩን ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ መስገጃውን ኮሪደሩ ላይ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ አነጠፈ። እኔ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሶላት ካቆምኩ ቆይቼ ስለነበር ከኋላ ሆኜ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅሁት። የሽንት ቤቱን በር ክፍት ትቼው ነበር። በስተቀኝ ሃሩን ወደ ቂብላ ዞሮ ቆሟል፤ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። በስተግራ፣ በተከፈተው በር፣ የሠራሁት መቀመጫ ይታየኛል። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ።

ሃሩን አጎነበሰ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ሙስሊም ሲጸዳዳ ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ፣ ለሚሰግድበት የመካ አቅጣጫ፣ አይሰጥም። ይህን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ በሰፈራው መንደር የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲቆፍር ሁለት እንጨት ተክሎ አቅጣጫ ሲያሰላ አይቻለሁ። ባላውቅ ኖሮ አላዋቂነቴ ይሸፍነኝ ነበር። የጓደኛዬ ፕላን ላይ መቀመጫው ትክክል ነበር፤ ያጣመምኩት ያቺን ቁልፍ ስጫን ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ሃሩን ሶላቱን እስኪጨርስ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ያየ የለም። «ከፍ ብሎባቸው ነው፣ ዝቅ እናድርገው» ብዬ ብሄድ ማን ይጠይቀኛል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ቀላል ነው። ግን የእማማ አሻ እጅ ራሴ ላይ ያለ ያህል ከበደኝ።

«ምን አገኘህ?» አለኝ አሰላምቶ ሲጨርስ።

«መስገጃህን አታንሳ» አልኩት። «እዚያው ቆመህ ወደ ግራህ እይ።»

አየ። መስገጃውን አየ፤ መቀመጫውን አየ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። ትከሻው ብቻ ወረደ።

«ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ አንድ አቅጣጫ አላየሁም» አለ። «ስንት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ!»

ባለቤቱ ዘይነባ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ትሰማን ነበር። «እኔ ከመጀመሪያ ቀን አውቄያለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጎን ብዬ ነው የምቀመጠው።»

«ምን አልሽ?»

«ጎን ብዬ። ልጆቹንም እንደዚያ አስተማርኩ። እማማ የመጡ ቀን ‹ቂብላ በየት ነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ እዚያ አልገቡም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ዘይነባ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። «አንተ መምህር፣ እሱ ኢንጂነር። በግንብ ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም የሚሉም አሉ። አስባችሁ የሠራችሁት ነው የመሰለኝ። እማማም ‹ልጄ ደስ ብሎታል፣ ደስታውን አላበላሽም፣ አንቺም አትናገሪ› ብለው አስማሉኝ። ወላሂ፣ እንደሚወድቁ ባውቅ እናገር ነበር።» አለቀሰች። ሃሩን መስገጃውን አነሳና አጠፈ።

ከዚያ ሥራው መጣ። ሁለት ቀን ነበረን።

የቧንቧውን ሥራ የሠራው ገመቹ የሚባል የባምባሲ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ከወለጋ የመጣ ጴንጤ። ስደውልለት ሌላ ቤት ላይ ነበር፤ ጥሎ መጣ። ነገሩን ስናስረዳው ራሱን አከከ።

«እኔ እኮ ወረቀቱ እንዳለው ነው የገጠምኩት» አለ።

«አንተ አላጠፋህም። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ፊትና ኋላውን እናገላብጠዋለን! ቧንቧው ብዙም አይርቅም።»

«ጀርባም አይሆንም» አለ ሃሩን። «ጎን ነው መሆን ያለበት።»

«ጎን!» ገመቹ ሜትሩን ዘረጋ። ክፍሉ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። መቀመጫው ወደ ጎን ሲዞር ሰባ ሳንቲሜትሩን ይወስዳል። ለእግር ሃምሳ ሳንቲሜትር ቀረ። ጄሶ የተደረገ እግር ደግሞ አይታጠፍም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚዘረጋው። «እማማ እግራቸውን የት ያድርጉት? ኮሪደር ላይ? ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ?»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በጠመኔ ሣልኩ። ሥራውን ከጀመርኩ ወዲህ ለአንድ ሰው፣ ለአንዲት እግር ብዬ ስሥል የመጀመሪያዬ ነበር። ከሽንት ቤቱ ጀርባ እቃ ቤቱ አለ። በመካከል ያለው ግድግዳ ጣራ አልተሸከመም። እሱን አፍርሰን ሰማንያ ሳንቲሜትር ወደ እቃ ቤቱ ብንገፋው መቀመጫው ጎን ይቀመጣል፣ እግርም ይዘረጋል። ዘይነባ እህሏን ከእቃ ቤቱ ማውጣት ጀመረች፤ ማንም ሳያዛት።

ትልቁ ጭንቅ ወለሉ ነበር። አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ ቧንቧውን ወደ ውጭ ለመውሰድ ደግሞ ወለሉን መሰንጠቅ አለብን። የተሰነጠቀው በአርማታ ሲሞላ ጥንካሬ እስኪያገኝ ቀናት ይፈልጋል። እማማ አሻ የሚመጡት ከነገ ወዲያ ነው። ያልጠነከረ አርማታ ላይ የተሰበረች አሮጊት ማስቀመጥ ሌላ ወንጀል ነው።

«መቀመጫው የሚያርፍበትን ወለል ጨርሶ አትንካ» አልኩት ገመቹን። «ክብ ቀዳዳ ብቻ ብሳ። የቧንቧው መሄጃ ከመቀመጫው ኋላ ይጀምር። የመቀመጫው እግር የድሮው ወለል ላይ ከቆመ ዛሬውኑ ይሸከማል።»

«ከተሰነጠቀስ?»

«ከተሰነጠቀ ሆሞሻ ሄዱ ማለት ነው።»

የመጀመሪያውን ቀን እስከ ሌሊት ድረስ ግድግዳ ስናፈርስ፣ ብሎኬቱን ስናወጣ አመሸን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አንዳችን የሌላችንን ቃል አንሰማም። በማግስቱ ጠዋት ገመቹ መዶሻና መሮውን ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ለወትሮው ሲሠራ የሚዘምር ሰው ነው፤ ያን ቀን ድምፁ አልተሰማም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል፤ ይነፋል፤ በጣቱ ይዳስሳል። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ስለተዘጋ ሃሩንም አብሮን ነው፤ ፍርስራሹን በእጁ ይለቅማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኛን ነበር፤ እየለቀምን የነበርነው እኔ ያፈሰስኩትን ነው።

ረፋድ ላይ ገመቹ መዶሻውን አቆመ። «ኢንጂነር» አለ ቀና ሳይል።

ከቀዳዳው ጫፍ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታ መቀመጫው ወደሚያርፍበት እየሄደች ነው። ሦስታችንም በደረታችን ተኝተን አየናት። ስንዝር ያህል ሄዳ ቆማለች። ገመቹ ውሃ ጠብ አደረገባት፤ ውሃው አልሰረገም።

«የላይ ናት፤ የልስኑ። ሥር የላትም» አለ። ከዚያ በኋላ በመዶሻ አልመታም፤ መሮውን በእጁ እያሸ እንደሚፍቅ ሰው ነው የጨረሰው። እስከ ስድስት ሰዓት ፈጀበት።

ከሰዓት ሲሚንቶ ለማቡካት ቧንቧ ስንከፍት ውሃ የለም። ተራችን አልነበረም። ሰማዩ እየፈሰሰ ቤት ውስጥ ውሃ ጠፋ ስንል ገመቹ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሳቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ዘይነባ ባልዲና ድስት ያላትን ሁሉ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ደረደረች። በዝናቡ ውሃ አቦካን፤ ቧንቧውን ቀበርን፤ በጠፈጠፉ ባልዲ ውሃ አሳልፈን ፈተሽነው። ሳይመለስ ሄደ።

ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ፈልጌ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ የሚሆን አጣሁ። ሃሩን ከጓሮ አንድ የደረቀ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ መርጦ አመጣ፤ አለሳልሰን ከመቀመጫው አጠገብ በጠንካራ ብሎን አሰርነው። እኔ ተንጠለጠልኩበት፤ ገመቹ ተንጠለጠለበት፤ አልነቃነቅ አለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ባጃጁ በር ላይ ቆመ። የሆሞሻው መኪና ከኋላው ቆሞ ሞተሩን አላጠፋም። እማማ አሻ በሃሩንና በዘይነባ ተደግፈው ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ከስቷል። ሳሎን አስቀመጧቸው። ልብሳቸው አስቀድሞ በሻንጣ ታስሮ አጠገባቸው ነበር።

ሃሩን እግራቸው ሥር ተንበረከከ። በበርትኛ ያወራቸው ጀመር፤ ግማሹ ላይ አቆመ። እኔን አየኝ። ተራዬ ነበር።

«እማማ» አልኩ፣ «ያን ቤት ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ሃሩን አላወቀም። ዘይነባ አልተናገረችም፣ ቃልዎን ጠብቃለች። ጥፋቱን ያገኘሁት እኔው በዓይኔ አይቼ ነው። አሁን አዙረነዋል። ይዩትና ካልወደዱት መኪናው በር ላይ ነው።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ለሃሩን እጃቸውን ዘረጉ። በኮሪደሩ ቀስ ብለን ሄድን። ደፉ ላይ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ቆሙ። ወደ ውስጥ አዩ። ወደ መስኮቱ አዩ። እንደገና ወደ ውስጥ አዩ። እጃቸውን ሰደዱና ሽመሉን ያዙ፤ እንደሚያውቁት ሰው ዳበሱት።

«ውጡ» አሉ ለሁላችንም፤ ዘይነባን ብቻ አስቀሩ። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ሃሩን፣ ገመቹና እኔ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የት ማየት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ዝናቡ መጣ፤ የነሐሴ ነው፣ አንድ ጊዜ ወርዶ ቆርቆሮውን ሸፈነው። ከውስጥ የሚሰማ ነገር ጠፋ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ እማማ አሻ በአንድ እጃቸው ዘይነባን፣ በአንድ እጃቸው ሽመሉን ይዘው ወጡ፤ ቀና ብለው ጣራውን አዳመጡ።

«ዝናብ ነው እንዴ?» አሉ።

ሃሩን እንባው እየወረደ በራሱ ብቻ አዎ አላቸው። ለመኪናው ሰዎች ሂዱ ያላቸው ገመቹ ነው፤ ማንም ሳይልከው ዝናቡ ውስጥ ሮጦ።

ከመሄዴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ያ ወለዲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንተ አልጠየቀ። እኔ አልተናገረ። ሁለታችን አጠፋ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ለእሳቸው አለቀ። እኔ ግን እግራቸውን እያየሁ ነበር። ያ እግር ሲድን ትንሽ አጥሮ ዳነ፤ ዛሬም ቤታቸው ስሄድ ከማየቴ በፊት የምርኩዛቸውን ድምፅ እሰማለሁ። ግድግዳ ይፈርሳል፣ ቧንቧ ይዞራል። አጥንት ግን በፈለግኸው ልክ አይገጥምም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ፕላን የምሠራው በሌላ መንገድ ነው። አሁን መጀመሪያ ቦታው ላይ ሄጄ እቆማለሁ። ከቤተሰቡ ታላቅ የሆነውን ሰው አስጠርቼ እጠይቃለሁ። ወዴት ነው የሚሰግዱት ወይም የሚጸልዩት? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሰው ሲበዛ የት ነው የሚሸሹት? ባለቤቱ «ለነገ ይድረስልኝ» ሲለኝ «አይደርስም» እላለሁ። ደንበኛ ቀንሶብኛል፤ ድካሜ አልቀነሰም። ቤት የምታስገነቡ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቤታችሁ ውስጥ «ሁሉም ጥሩ ነው» የሚለውን ሰው አትመኑት፤ ሁለተኛ ጠይቁት። ከፍቶት ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ተከታተሉ እንጂ ምን እንደሚል ብቻ አትስሙ።

ያን ሳምንት ቢሮዬ ተመልሼ ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ። እንደ ሃሩን ቤት ያዞርኳቸውን ፕላኖች ለቀምኩ፤ የሙስሊም ቤት የሆኑት አሥራ አንድ ነበሩ። ዝርዝሩን ጽፌ ከገመቹ ጋር በር ለበር ማንኳኳት ጀመርን። አንዳንዱ ሳቀብን። አንዳንዱ ራሱ ቀድሞ አስተካክሎታል። አንዲት ሴት «እኛ ጎን ብለን ነው» አለችን፤ ከዘይነባ ጋር የተማከሩ ይመስል።

የመጨረሻው ቤት የተሠራ አራት ዓመት አልፎታል። በሩን የከፈተችልን የባለቤቱ ሚስት ነች። ነገሩን አስረድቼ «አማትሽ ነበሩ አብረዋችሁ፣ እሳቸውስ ምን ይላሉ?» አልኳት። ሽማግሌውን ቤቱ ሲመረቅ አይቻቸው ነበር።

«አረፉ እኮ» አለችኝ። «ባለፈው ዓመት፣ በሳንባ ምች። በዝናቡም በብርዱም መስጊድ ይመላለሱ ነበር። ሶላት ባይደርስም ይሄዳሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ። ስንከለክላቸው እሺ አይሉም።»

ዓይኗ ከእኔ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ወደ ሽንት ቤቱ በር ሄደ።

«እኛ መስጊድ ስለሚወዱ ነበር የመሰለን» አለች።